ልብስን ቤት ውስጥ ስታርች ማድረግ፦ ከድንቹ እስከ ካውያው

ብዙ ሰው ስታርችን አንድ ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል። ካውያው ይጣበቅበታል፣ ጥቁሩ ሱሪ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይራገፋል፣ የኮሌታው አንዱ ጎን ቀጥ ብሎ ሲቆም ሌላው ልፍስፍስ ይላል። ከዚያ «እኔ እጄ አይሆንለትም» ብሎ ልብሱን ለላውንድሪ ይሰጣል። ጥፋቱ ግን የእጅ አይደለም። ስታርቹ በደንብ ሳይበስል ነው ልብስ ላይ የዋለው። ጎጃም ውስጥ በተለይ ደብረ ማርቆስን፣ እንጅባራንና ሰከላን በመሰለ ደጋ የምንኖር ሰዎች ለዚህ ችግር ከቆላው ሰው ይልቅ ቅርብ ነን፤ ለምን እንደሆነ ማብሰሉ ላይ ስንደርስ አስረዳለሁ። መፍትሔው ደግሞ ከጓሯችን አይርቅም፤ የደጋው ድንች ነው።

ስታርች ልብሱ ላይ ምን ይሠራል?

ስታርች በእህልና በሥራ ሥር ውስጥ የተጠራቀመ፣ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ፍሬዎች ያሉት ነጭ ዱቄት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢበጠበጥ አይሟሟም፤ ጥቂት ቆይቶ እቃው ሥር ይዘቅጣል። ሙቀት ሲያገኝ ግን እያንዳንዱ ፍሬ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፣ ከዚያም ይፈነዳና ውሃው ይለጠልጣል። ይህ ልጥልጥ ነው በክሮቹ መካከል ገብቶ፣ ካውያው ሲያደርቀው ስስ ሽፋን ሆኖ የሚጠነክረው። ያልፈነዳው ፍሬ ጨርቁ ላይ እንደ ዱቄት ተኝቶ ይቀራል፤ ካውያ ላይ የሚለጠፈውና ከጥቁር ልብስ ላይ የሚራገፈው እሱ ነው።

ሽፋኑ ለመልክ ብቻም አይደለም። ላብና አቧራ ክሩ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ስታርቹ ላይ ያርፋሉ፤ ልብሱ ሲታጠብ ስታርቹ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። የኮሌታ ጥቀርሻ ያስመረረው ሰው ስታርችን ለዚህ ብቻ ቢጠቀምበትም አይከስርም።

የትኛው ልብስ ይስማማዋል?

ስታርች ጥጥና ሊነን ይወዳል። የጥጥ ሸሚዝ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሐኪም ጋውን፣ የካኪ ሱሪና ቁምጣ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የመሶብና የረከቦት መሸፈኛ፣ የትራስ ልብስ፣ የጥጥ መጋረጃ ሁሉም ይቀበሉታል። ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅም ይይዛል፤ የጥጥ ያህል ግን አይቆምም። ሙሉ ፖሊስተር ላይ ስታርች ማባከን ነው። ሐርና ሱፍ አይነኩም።

የአገር ልብስ ላይ ማመዛዘን ያስፈልጋል። ጋቢ ስታርች አይደረግም፤ አራት እጥፍ ሆኖ የተሠራው እንዲሞቅና ሰውነት ላይ እንዲለሰልስ ነው፣ በስታርች ማጠንከር ጥቅሙን መግደል ነው። ነጠላ ግን በጣም ስስ ስታርች ቢነካው ትከሻ ላይ አይንሸራተትም፣ ጥበቡም ተዘርግቶ ይታያል። የመነን ወይም የፈትል ቀሚስም እንዲሁ ስስ ብቻ። የሽፎን ቀሚስ ስታርች ምንም አይጨምርለትም። ለካህናት ጥምጣም መካከለኛው ይሻላል፤ ጨርቁ ሲጠመጠም እጥፋቱን ይይዛል።

ፎጣ፣ የውስጥ ልብስና የሕፃናት ልብስ ይቅር። ስታርች የነካው ፎጣ ውሃ አይመጥም፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ይሻክርበታል።

ስታርቹን ከየት እናምጣ?

በሱቅ የሚሸጠው የበቆሎ ስታርች፣ አንዳንዱ ኮርን ፍላወር የሚለው፣ ለልብስም ይሆናል። ለሾርባ ማወፈሪያ የተገዛው ጓዳ ካለ ሌላ መግዛት አያስፈልግም። ከወፍጮ ቤት የመጣ የበቆሎ ዱቄት ግን ስታርች አይደለም። ቡሬም ሆነ ሜጫ በቆሎ እንደ ልብ ስለሆነ «ዱቄቱን በውሃ ብበጠብጠውስ?» የሚል አይጠፋም። ዱቄቱ ውስጥ ገለባውም፣ ቅባት ያለው የፍሬው እምብርትም አብረው ተፈጭተዋል። ልብሱን ቢጫ ያደርጉታል፣ ሲቆይም ይሸታል።

የስንዴ ዱቄት ከበቆሎው ዱቄት ይሻላል፤ ግን እሱም እንዳለ አይደለም። ሊጡን ጠንከር አድርጎ አቡክቶ ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ፣ ከዚያ ሳፋ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ እያሹ ማጠብ ነው። እጅ ላይ እንደ ማስቲካ የሚቀረው ግሉተን ነው፤ ውሃውን ያነጣው ደግሞ ስታርች ነው፣ ሲዘቅጥ ይወሰዳል። የሩዝ ቅቃይ ውሃም ለነጠላ የሚሆን ስስ ስታርች ነው። ከጣና ማዶ ከፎገራ የሚመጣውን ሩዝ ሲቀቅሉ ውሃውን በዛ አድርጎ፣ ጨውና ዘይት ሳይገባ ማጥለል ብቻ ነው፤ ለብቻው ሥራ የለውም። ቡላም ስታርች ነው፤ ነገር ግን ሽታና መልክ ስላለው ነጭ ልብስ ላይ አልመክረውም።

እኔ የማስበልጠው የድንቹን ነው። ከበቆሎው ባነሰ ሙቀት ይበስላል፣ ሲበስል የበለጠ ይጠራል፣ ስለዚህ ባለ ቀለም ልብስ ላይም ጭጋግ አይተውም። በአዊና በሰከላ በኩል ድንች በሚደርስበት ወቅት ገበያተኛ የማይመርጠው ትንንሹ ድንች በርካሽ ይገኛል፤ ለዚህ ሥራ ትልቅና ትንሽ ልዩነት የለውም። ያቆጠቆጠውን ግን ተዉት፤ ስታርቹን ለቡቃያው አውሎታል።

የድንች ስታርች አወጣጥ

ድንቹን አጥባችሁ ላጡት። ለነጭ ልብስ ከሆነ ልጣጩ ጨርሶ ባይገባ ይመረጣል። ትልቅ ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉና ድንቹን በደቃቁ የመፈቅፈቂያ ጎን ውሃው ውስጥ ፈቅፍቁት። አየር ላይ ከቆየ ይጠቁራልና ፈጠን ማለት ነው። መፈቅፈቂያ ከሌለ በደቃቁ ተከትፎ በሙቀጫ መወቀጥም ይችላል፤ ብቻ ጉልበት ይጠይቃል። ድንቹ የደቀቀውን ያህል ስታርቹ ይወጣል።

የተፈቀፈቀውን ከነውሃው በደንብ አማስሉና በስስ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልሉት። ጨርቁን ጠቅልላችሁ እስኪበቃው ጭመቁ። ጨርቁ ውስጥ በቀረው ላይ ሌላ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምራችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጭመቁት፤ የመጀመሪያው ጭመቃ ብዙ ያስቀራል። የተጠለለው ውሃ አንድ ሰዓት ሳይነካ ይቀመጥ። ላዩ ቡናማ ይሆናል፣ ሥሩ ላይ ግን ጠንካራ ነጭ ዝቃጭ ይተኛል። ቡናማውን ውሃ ቀስ ብላችሁ አቅርሩት። ሳፋውን ፈጥኖ ያዘነበለ ሰው ስታርቹን አብሮ ይደፋዋል።

ዝቃጩ ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፣ በጥብጡ፣ አዝቅጡ፣ አቅርሩ። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪቀር ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገም። ይህን የተሰላቸ ሰው ቢጫ ስታርች ያገኛል፤ ቢጫው ኋላ ነጭ ሸሚዝ ላይ ይወጣል። በመጨረሻም ዝቃጩን ትሪ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ፣ አቧራ እንዳይገባ ስስ ጨርቅ አልብሳችሁ አድርቁት። እሳት ዳር አታስጠጉት፤ እርጥብ ስታርች ሲሞቅ እዚያው ይበስልና ይጓጉላል። ሲደርቅ በእጅ አፍርሳችሁ ነፍታችሁ ክዳን ባለው ብልቃጥ አስቀምጡ። ከ1 ኪሎ ድንች ቢበዛ 100 ግራም ገደማ ይወጣል፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ለብዙ ሸሚዝ ይበቃል። ደርቆ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። በዚያው ቀን ልትጠቀሙበት ከሆነ ማድረቁ አያስፈልግም።

ማብሰሉ

መጠኑን ለ1 ሊትር ውሃ ልስጥ። ስስ ስታርች፣ ለነጠላ፣ ለቀሚስና ለመጋረጃ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ። መካከለኛ፣ ለሸሚዝ፣ ለዩኒፎርም፣ ለጥምጣምና ለጠረጴዛ ልብስ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ። ወፍራም፣ ለኮሌታ፣ ለእጅጌ ጫፍና ለዳንቴል፦ 4 የሾርባ ማንኪያ። ማንኪያው ከአፉ ጋር እኩል ይሁን፣ አይቆለል። ይህ የበቆሎው ልክ ነው፤ የድንቹ ስታርች የበለጠ ስለሚለጠልጥ ከዚህ ሩቡን ቀንሱ።

በየልኩ ድስት መጣድ ግን ድካም ነው። ወፍራሙን ብቻ ሠርቶ ማቅጠን ይሻላል፦ አንድ እጅ ወፍራም ከአንድ እጅ ሙቅ ውሃ ጋር መካከለኛ ይሆናል፤ አንድ እጅ ወፍራም ከሦስት እጅ ሙቅ ውሃ ጋር ደግሞ ስስ ይወጣል።

1. ከ1 ሊትሩ ውሃ ላይ አንድ ብርጭቆ ቀንሳችሁ የቀረውን ጣዱ።
2. በተቀነሰው ቀዝቃዛ ውሃ ስታርቹን እብጠት እስኪጠፋ በጥብጡ። ደረቅ ስታርች በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ አይበተንም፤ ውጩ ወዲያው በስሎ ውስጡ ጥሬ የቀረ ጓል ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ማማሰል አይፈታውም።
3. የተጣደው ሲፈላ ብጥብጡን እንደገና አማስላችሁ (ወዲያው ይዘቅጣልና) በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ በሌላው እጅ ሳታቋርጡ አማስሉ።
4. እሳቱን ቀንሱና አብስሉ። የነበረው የወተት መልክ ለቆ ውሃው ሲጠራ፣ ማንኪያው ላይ ሲንጠለጠል በውስጡ የሚያሳይ ሲሆን በስሏል።
5. ከእሳት አውርዳችሁ ትኩስ እያለ በስስ ጨርቅ ወይም በደቃቅ ወንፊት አጥልሉ።

አራተኛው ላይ ነው ደጋው የሚያስቸግረው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው 100 ዲግሪ ደርሶ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ወደ 94 ይጠጋል። የበቆሎ ስታርች ፍሬ ማበጥ የሚጀምረው ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እኛም ዘንድ ይለጠልጣል፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ፈንድቶ እስኪጠራ ተጨማሪ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል። ሙቀቱን መጨመር ስለማንችል ጊዜውን እንጨምራለን። በሌላ አገር ለተጻፈ መመሪያ አንድ ደቂቃ የሚበቃው ደጋ ላይ አምስት ደቂቃ ይንተክተክ። እሳት ማንደድ ድስቱን ያሳርር ይሆናል እንጂ ውሃውን ከመፍያው በላይ አያሞቀውም። የድንቹ ስታርች ከ60 ዲግሪ ዙሪያ ጀምሮ ስለሚያብጥ እዚህ ላይ ያርፋል፤ ቶሎ ይጠራል።

ትኩስ ሳለ ሁለት ነገር መጨመር ይቻላል። አንዱ የቡና ማንኪያ ሩብ የሚሆን ጨው ነው። ሌላው ከነጭ ሻማ የተፋቀች አንዲት ቅንጣት ናት፤ ቀልጣ ትሰራጭና ካውያው እንዲንሸራተት ታደርጋለች፣ ለጨርቁም ትንሽ ወዝ ትሰጣለች። የንብ ሰምም ይህንኑ ይሠራል፤ በ63 ዲግሪ ዙሪያ ይቀልጣል። ነገር ግን የጎጃም ሰም ቢጫ ስለሆነ ለካኪና ለጠቆረ ልብስ ብቻ አድርጉት። ሁለቱም ባይኖሩ ሥራው አይቆምም። ሻማ የሚያበዛ ሰው ግን ልብሱ ላይ የቅባት ነጠብጣብ ያገኛል።

የበሰለ ስታርች በሁለተኛው ቀን መኮምጠጥ ይጀምራል። ፍሪጅ ካለ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ከሌለ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ። የሸተተውን ቀቅሎ ለማዳን አትድከሙ፣ ድፉት።

መንከር

ልብሱ አስቀድሞ መታጠብ ብቻ ሳይሆን ከሳሙና ነጻ እስኪሆን መለቅለቅ አለበት። የቀረ ኦሞ ካውያ ሲያገኘው ነጩን ያጨፈግገዋል፤ ሰው ግን ስታርቹን ይወቅሳል። ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ለሚያጥቡም እንዲሁ ነው፤ አረፋው እስኪጠፋ ይለቅለቅ። የእንዶዱ እጣቢ ወንዝ ውስጥ ባይደፋ መልካም ነው፣ ዓሣ ይገድላል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣ ሞቶ ያዩት ከዚሁ እንዶድ የተነሣ ነበር፤ በቀንድ አውጣ በኩል በሚተላለፈው በቢልሃርዚያ በሽታ ላይ ያደረጉት ምርምርም ከዚያ ተነሣ።

ለበዓል የሚወጣ ነጠላ ላይ ደግሞ የቅቤውን ነገር እዩ። ከፀጉር የወረደ ቅቤ ትከሻው ላይ ካለ ስታርች በዚያ ቦታ አይይዝም፤ ካውያው ደግሞ ቅቤውን አቅልጦ ያሰፋዋል። ቦታውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ለብቻው እሹት።

አሁን የበሰለውን ስታርች ሳፋ ውስጥ አቅጥናችሁ እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ልብሱን ንከሩ። ሞቅ ያለው ከቀዘቀዘው ይልቅ ክሩ ውስጥ ይገባል። ልብሱ ታጥቦ የተጨመቀ፣ እርጥብ ቢሆን ስታርቹ እኩል ይዳረሳል፤ የደረቀ ልብስ ቀድሞ የነካው ቦታ ላይ ብዙ ይጠጣል። ሁለት ሦስት ደቂቃ እያገላበጣችሁ በእጅ ጫን ጫን አድርጉ፣ ከዚያ አውጥታችሁ ጭመቁ። ዳንቴል፣ ጥልፍና ጥበብ አይጠመዘዙም፤ ፎጣ ውስጥ ጠቅልሎ መጫን ነው።

ቅደም ተከተሉ ነጭ፣ ከዚያ ደብዘዝ ያለ ቀለም፣ በመጨረሻ የጠቆረው ነው። ጥበቡ ቀለም እንዳይለቅ የምትጠራጠሩትን ነጠላ አስቀድማችሁ ጥጉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጨብጣችሁ እዩት። ኮሌታው ብቻ እንዲቆም የሚፈልግ ሰው ሸሚዙን በሙሉ ባይነክርም ይችላል፤ ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ ወፍራሙ ውስጥ አጥልቆ፣ ሌላውን እንዳይነካ ወደ ላይ ይዞ መጭመቅ ነው።

የተነከረ ልብስ ገመድ ላይ ተዘርግቶ ይሰጣ፣ መቆንጠጫውም ስፌቱ ላይ ይዋል፤ እጥፉ ውስጥ የተጠራቀመ ስታርች መስመር ሠርቶ ይደርቃል። ሣር ላይና አጥር ላይ ማስጣት የለመድነው ነው፤ ለስታርች ግን አይሆንም። እርጥብ ሳለ ብናኙን፣ ገለባውን፣ የሣር ፍሬውን ሁሉ ይለጥፋል። ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ጥጃ ካለበት ግቢ አርቁት፤ ጥጃ የነጠላ ዋጋ አይገባውም።

ማርጠብና መተኮስ

ከማብሰሉ ቀጥሎ ብዙ ልብስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በጥር ፀሐይና ነፋስ የተሰጣ ስታርች ቶሎ ድርቅ ብሎ እንደ ጣውላ ይሆናል። እንደዚያው ካውያ ከነካው ጭርምትምቱ አይወጣም፣ ሽፋኑም ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ጨርሶ ከመድረቁ በፊት፣ ገና ርጥበት ሳለው፣ አውርዱት። ከደረቀ ንጹሕ ውሃ በእጅ እርጭ እርጭ አድርጉበት፣ ልብሱን ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት። ውሃው በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሱ ይዳረሳል። በዚህ መልክ የተጠቀለለ ልብስ ግን አይደር፤ ሞቃት ቀን ከሆነ ይሻግታል።

ካውያውን ለጥጥ በሚሆነው ሙቀት ላይ አድርጉ፣ ግን ጣሪያው ላይ አይሁን፤ ስታርች ከጥጡ ቀድሞ ያርራል። መጀመሪያ አሮጌ ነጭ ጨርቅ ላይ ሞክሩት። ቢጫ ካወጣ አቀዝቅዙት። ከዚያ በውስጥ በኩል ጀምሩ፤ የሚያንጸባርቅ ውጭ የሚፈልግ ሰው በመጨረሻ በውጭ በኩል ፈጥኖ ያልፍበታል። ለጠቆረ ልብስ ግን ውስጡ ብቻ ይበቃል።

ሸሚዝ ከሆነ ኮሌታው ይቅደም፦ ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሐል እየገፋችሁ፤ ከመሐል ወደ ጫፍ ከሄዳችሁ ጫፉ ላይ እጥፋት ይጠራቀማል። ቀጥሎ የእጅጌው ጫፍ፣ እጅጌው፣ ትከሻው፣ ጀርባው፣ በመጨረሻ ፊቱ። ሌላው እስኪደርስ የሚጠብቀውን ክፍል በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ጥበብና ጥልፍ ያለበትን ቦታ ፎጣ አንጥፋችሁ በግልባጩ ተኩሱት፣ ጥልፉ እንዳይደፈጠጥ። ካውያውን አንድ ቦታ ላይ እርጥበቱ ጨርሶ እስኪሄድ መላልሱት። እርጥበት ይዞ የተሰቀለ ልብስ እየዋለ ይለፈሰፈሳል፤ «ስታርቹ ደካማ ነው» የሚባለው አንዳንዴ ይህ ነው።

መብራት ሲሄድ የከሰል ካውያ ሥራውን ይሠራል፤ እንዲያውም ክብደቱ ለጠረጴዛ ልብስና ለካኪ ጥሩ ነው። ከሰሉ ጢሱን ጨርሶ ፍም ሲሆን ክተቱ፤ አመዱ በቀዳዳው እንዳይወጣ ከልብሱ ርቃችሁ አራግፉት፣ ሥሩንም እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠረግ እያደረጋችሁ ተኩሱ። ስታርች የነካው ነጭ ልብስ ላይ ያረፈ አመድ እፍ ቢሉት አይሄድም። በር ወይም መስኮት ይከፈት፤ ጢስ የሌለው ፍምም ቢሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል።

ካውያው ሥር ስታርች ከተጋገረ ከመብራት ነቅላችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ኮምጣጤ ወይም ቤኪንግ ሶዳ በነካ እርጥብ ጨርቅ እሹት። በቢላ የሚፍቅ ሰው ካውያውን ያበላሻል፤ ጭረቱ ደግሞ ነጠላውን ይስባል።

አንድ ልብስ ብቻ ለማደስ መንከሩ ሁሉ አያስፈልግም። ስሱን የበሰለ ስታርች በደንብ አጥልላችሁ መርጫ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ፣ ከልብሱ ራቅ ብላችሁ እርጩ፣ እስኪመጠው አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ ተኩሱ። ወዲያው የተኮሰ ሰው ስታርቹን ከጨርቁ ላይ በካውያው ያነሣዋል። ሲጨርሱ መርጫውን በሙቅ ውሃ ማጠብ ነው፣ አለበለዚያ ነገ ተደፍኖ ይጠብቃል።

ዳንቴል

ዳንቴል የተለየ ነው፤ ካውያ ሳይሆን ቅርጽ ነው የሚያቆመው። በስኳር ውሃ የሚያደርቁ አሉ፤ ጠንካራ ይሆናል፣ ግን ጉንዳን ይጠራል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይንጠባጠባል። ወፍራም የድንች ስታርች ይበልጠዋል።

ዳንቴሉን አጥባችሁ አድርቁ። ይህን አንዱን በደረቁ ንከሩት፤ ብዙ እንዲጠጣ ነው የምንፈልገው። በእጅ መሐል ጫን ጫን አድርጋችሁ ቀዳዳዎቹን የደፈነውን ልጥልጥ አውጡ፣ የቀረውን በጥርስ ብሩሽ ጠርጉት። ካርቶን ላይ ላስቲክ አልብሳችሁ፣ ዳንቴሉን ዘርግታችሁ፣ መሐሉን መጀመሪያ፣ ከዚያ ትይዩ የሆኑትን ጥጎች በስፒል ውጠሩ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ክቡን ዳንቴል እንቁላል ያደርገዋል። ስፒሉ ዝገት የሌለው ይሁን፤ የዝገት ነጥብ በበረኪናም አይለቅም፣ ይብስበታል። የጠርዙ ሞገድ እንዲነሣ የሚፈልግ በየመሐሉ የተጠቀለለ ወረቀት በላስቲክ አልብሶ ያስገባል። ሳህን መሰል ለማድረግ ደግሞ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጦ፣ ላስቲክ አልብሶ፣ በላዩ መወጠር ነው። እስኪደርቅ አንድ ሙሉ ቀን ተዉት፣ ደመና ከሆነም ሁለት።

መቼ ይሠራ፣ እንዴት ይቀመጥ?

ጥር ለጎጃም ሰው የነጭ ልብስ ወር ነው፦ በ10 ከተራ፣ በ11 ጥምቀት፣ በ13 ሰከላ ላይ የግዮን በዓል፣ በ23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል። በመሐል 12 ሚካኤል አለ፣ 21 ማርያም አለች፤ በዓል በሚከበርበት ቤት በእነዚህ ቀናት ልብስ አይታጠብም። እጥበቱንና ስታርቹን ከከተራ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል። ተተኩሶ የተንጠለጠለ ልብስ ለሳምንት አይጎዳም፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ ግን እጥፋቱ ይሰበራል። የጠረጴዛ ልብስም ከማጠፍ ካርቶን ቱቦ ላይ ቢጠቀለል መልካም ነው።

ክረምት ሲገባ ስታርች ያለበትን ልብስ ሣጥን ውስጥ አታሳድሩ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ስታርቹን ያለሰልሰዋል፣ ሻጋታ ይበላዋል፣ በረሮና አይጥም ምግብ አግኝተው ክሩን አብረው ይቆርጣሉ። ከግንቦት ሳያልፍ በሞቀ ውሃ አጥባችሁ ስታርቹን አስወጡ፣ ሳይተኮስ ደርቆ ይቀመጥ። መውጣቱን ለማወቅ ከመጨረሻው መለቅለቂያ ውሃ አንድ ማንኪያ ቀድታችሁ የቁስል አዮዲን ጠብ አድርጉበት። ወደ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሄደ ስታርች አለ፣ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ለቅልቁ። የአዮዲኑን ቡናማ መልክ እንደያዘ ከቀረ ልብሱ ንጹሕ ነው። አዮዲኑን ልብሱ ላይ አትሞክሩት።